ለባል አይፈረምም

ባሌ በሞተ በሳምንቱ ፍሬው ሱቄ ገባና ገና ሳይቀመጥ «እትዬ ሰርክ፣ ወረቀቶቹ የት ናቸው?» አለኝ። እንዲያው አንዳንዱ ሰው ሲፈጠር ይሉኝታ የሚባለውን ነገር ሳይሰጡት ይቀራሉ መሰለኝ። በሌላ ጊዜ ቢሆን በመቀስ አባርረው ነበር። ያን ቀን ግን የሚያናድደኝ ነገር አልነበረም፤ የሚያስለቅሰኝም አልነበረም። የሰው ሱሪ ዚፕ እየቀየርኩ ነበር፣ ቀና ሳልል ካርቶኑን በእግሬ ገፋሁለት።

ሱቄ ፌርፋክስ፣ የሐበሻ ሱቆች የተደረደሩበት መንገድ ላይ ነው፣ ከጓደኛዬ ከሲቲና የቅመም ሱቅ አጠገብ። የሀበሻ ቀሚስ እሰፋለሁ፣ ሱሪ አሳጥራለሁ፣ ዚፕ እቀይራለሁ። ባሌ ወንድይፍራው፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ዕድሜውን ሙሉ ታክሲ ሲነዳ ኖሮ ጉልበቱ እምቢ ሲለው እኔ ሱቅ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ላግዝሽ ነው የሚለው። መርፌ ቀዳዳ ክር ማስገባት የማይችል ሰው ምኔን ነው የሚያግዘኝ? ሶ፣ ከደንበኛ ጋር ያወራል፣ ከእኔ ጋር ይጨቃጨቃል፣ በየመሀሉ «ሻይ የለም?» ይላል። በመጨረሻ ለራሱ ሥራ አገኘ። ፔቲሽን ማስፈረም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከተማው በትንንሽ ሱቆች ላይ የሚጥለውን ታክስ ሊጨምር ነው ተባለ። ይሄ ታክስ አተረፍክ ወይ ብሎ አይጠይቅህም፤ ሸጥክ ወይ ብሎ ነው የሚጠይቅህ። ከሸጥክ ብትከስርም ትከፍላለህ። እኔ ኪራይ ከፍዬ የሚተርፈኝ ለክርና ለቁልፍ ነው። ጭማሪው ከመጣ ሱቁን እዘጋለሁ፣ ይሄን ለማወቅ ደግሞ አካውንታንት አያስፈልገኝም። እዚህ አገር ታዲያ ሕዝቡ ራሱ ሕግ አርቅቆ በቂ መራጭ ካስፈረመ፣ ምክር ቤቱ ወደደም ጠላም፣ ነገሩ ምርጫ ላይ ወጥቶ ድምፅ ይሰጥበታል። ባለሱቆቹ ተሰብስበው አንድ ሕግ አረቀቁ። ከተማው አዲስ ታክስ ሲያምረው፣ ወይም ያለውን ልጨምር ሲል፣ መጀመሪያ መራጩን ይጠይቅ የሚል ነው። የከተማው ወጪም ከሕዝቡ ቁጥርና ከኑሮው ውድነት ቀድሞ አይሩጥ ይላል። ኮሪያዊውም፣ ሜክሲኳዊውም፣ ፊሊፒኖውም በየሰፈሩ ያስፈርማል። የፌርፋክስ ወረቀት የደረሰው ለፍሬው ነው፣ የሁላችንንም ታክስ የሚሠራልን እሱ ስለሆነ። ፍሬው ደግሞ ሥራ በዛብኝ ብሎ ለወንድይፍራው ወረወረለት።

አቤት ደስታው! ታጣፊ ጠረጴዛ ገዝቶ መጣ። ጠዋት ጠዋት ሱቁ በር ላይ ዘርግቶ፣ ኮፍያውን አድርጎ፣ አላፊ አግዳሚውን ሁሉ «የኔ ልጅ፣ መራጭ ነህ?» ይላል።

«ሰርኬ፣ ገብቶሻል ግን?» ይለኛል በመስኮት። «እኛ አገር ግብር ሲጫንብሽ ምን ታደርጊያለሽ? ቀበሌ ሄደሽ ታለቅሻለሽ፣ ወይ ሰው ፈልገሽ ታስቀንሻለሽ። እዚህ ግን ማንንም ሳትለምኚ እምቢ ትያለሽ። ስምሽን ጽፈሽ!»

«አሁን ቀሚስ እየለካሁ ነው፣ ተወኝ በእናትህ» እለዋለሁ።

አንድ ልጅ ናት ያለችን፣ ኤልሻዳይ። እሷ አልፈረመችም። የከተማው ላይብረሪ ውስጥ ነው የምትሠራው። ዌስት አዳምስ ያለው ቤታችን እራት ልትበላ መጥታ የገጠሙት ጭቅጭቅ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ።

«አባ፣ ወጪው ሲታሰር መጀመሪያ የሚቆረጠው ምን መሰለህ? የባለሥልጣን መኪና መሰለህ? የኔ ላይብረሪ ነው። ልጆች ከትምህርት ቤት ወጥተው እናታቸው ከሥራ እስክትመጣ የሚቀመጡበት ቦታ ነው።»

«መጥተው ይጠይቁኛ! ለላይብረሪ ነው ካሉኝ እሺ እላለሁ። ሳይጠይቁኝ ኪሴ ሲገቡ ነው የሚያናድደኝ።»

«ሰው ሁሉ እንዳንተ እሺ የሚል ይመስልሃል?»

«እሺ ካላለ እምቢ ብሏላ! ሰው እምቢ እንዳይል ብለሽ አትጠይቂውም?»

«አንዳንድ ነገር እኮ በየዓመቱ ሰው እየተለመነ አይኖርም አባ!»

ሁለቱም ደረቅ ናቸው፣ አንድ ዓይነት ደረቅ። ወጡ ቀዘቀዘ። በመጨረሻ እሱ ወረቀቱን ገፋላትና «አትፈርሚ፤ ግን አንብቢው» አላት። አነበበች። ለሰፈሩ ሰው ብሎ በእንግሊዝኛ የሞነጫጨረውን ማብራሪያ ስህተቱን ሁሉ አርማ ሰጠችው። ፊርማ ግን የለም። እሱም ከዚያ በኋላ አልጠየቃትም።

ከዚያ አንድ ጠዋት ጠረጴዛውን ሊዘረጋ ወጣ፣ ሲቲና ጮኸች። ስወጣ አስፋልቱ ጠርዝ ላይ ወድቋል። ወረቀቶቹን ነፋስ እንዳይወስድበት የኔን ትልቁን መቀስ ነበር የጫነባቸው። መቀሴን አንስቼ ወደ ሱቅ ማስገባቴን አስታውሳለሁ። አምቡላንሱ መምጣቱን፣ ሆስፒታል መሄዳችንን፣ ሐኪሙ የነገረኝን፣ ሌላውን ሁሉ አላስታውስም።

አላለቀስኩም። ለቅሶ ቤቱ ሞልቶ ሴቶቹ ደረት እየመቱ፣ እኔ የሻይ ብርጭቆ እሰበስባለሁ። «ደንግጣ ነው» ሲሉ ሰምቻለሁ። «አይ፣ ፊትም ልቧ ደረቅ ነው» ያለችውንም ሰምቻለሁ፤ ማን እንደሆነችም አውቃታለሁ፣ ቀሚሷን እኔ ነኝ የምሰፋላት። አልተቀየምኳትም። ጥርስ ሐኪም ማደንዘዣ ወግቶህ ከንፈርህ የሌላ ሰው የሚመስልህ ጊዜ አለ አይደል? እንደዚያ ነበርኩ። ኤልሻዳይ አቅፋኝ ታለቅሳለች፣ እኔ ጀርባዋን መታ መታ እያደረግኩ የሹራቧ ስፌት ትከሻው ላይ እንደተፈታ አያለሁ።

እንግዲህ ፍሬው የመጣው ያኔ ነው። ካርቶኑን ከፈተ፣ ወረቀቶቹን አገላበጠ፣ ፊቱ ጠቆረ።

«አልፈረሙም» አለ።

«ማን?»

«ጋሽ ወንድይፍራው። ይኸውልዎት፣ በየወረቀቱ ግርጌ ያስፈረመው ሰው 'ሁሉም ዓይኔ እያየ ፈረሙ' ብሎ በራሱ እጅ ሞልቶ መፈረም አለበት። መጨረሻ ላይ አንድ ላይ ልሙላው ብለው ትተውታል መሰለኝ። ይሄ ከሌለ ወረቀቱ ሁሉ አይቆጠርም እትዬ ሰርክ።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም።»

ያ ሁሉ ፀሐይ ላይ መቆም! ያ ሁሉ «የኔ ልጅ፣ መራጭ ነህ?» ማለት! ፍሬው በሩን አየት አድርጎ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«የጋሼን ፊርማ… ያውቁታል አይደል?»

እንዴት አላውቀው! ወንድይፍራው ወረቀት ሲያይ ያዛጋል። የዕድር መዝገብ፣ የቤተክርስቲያን አባልነት፣ የኤልሻዳይ ትምህርት ቤት፣ ሁሉም ላይ የሁለታችንንም የምፈርመው እኔ ነበርኩ። የኔን እጽፋለሁ፣ ከሥሩ የሱን እጽፋለሁ። በእኛ ቤት ብቻም አይደለም፤ ሐበሻ ዘንድ አንድ ሰው ከመጣ ቤተሰቡ መጣ ነው የሚባለው። ለቅሶ ብትደርስ ለቤቱ ሁሉ ደርሰሃል፣ መዋጮ ብትከፍል ለቤቱ ሁሉ ከፍለሃል። የወንድይፍራውን ፊርማ ከሱ ይልቅ እኔ አሳምሬ እፈርመዋለሁ፣ መጨረሻዋ ላይ ወደ ላይ ብድግ የምትል ጭራ አለቻት።

«የሞተ ሰው አይፈርምም» አልኩት።

«ማን ያውቃል ብለው ነው?»

«እኔ አውቃለሁ። አዲስ ወረቀት አምጣልኝ፣ ሰዉን መልሼ አስፈርማለሁ። አሁን ሂድ፣ ሱሪ የሚወስድ ሰው እየመጣ ነው።»

ለምን እንደዚያ እንዳልኩ አላውቅም። ለሱቄ ብዬ ነው እንዳልል፣ ያን ሰሞን ሱቁ ቢቃጠል ዞር ብዬ የማይ አይመስለኝም። ብቻ የሱ ልፋት ቆሻሻ ቅርጫት ገባ የሚለው ነገር አልዋጥ አለኝ። የወረቀቱ ማስረከቢያ የመጨረሻ ቀን ደግሞ አርባው ባለፈ በዓርቡ ነው። ፍሬው እንዳለው ከፌርፋክስ የሚጠበቀው ካልሞላ የሌላው ሰፈር ልፋትም ሊቀር ይችላል።

መላውን የዘየደችው ሲቲና ናት። «ሰርክዬ፣ እኔ ልንገርሽ» አለችኝ፣ «ሰው ሁሉ ለሱ ሲል አንድ ቦታ የሚሰበሰበው በአርባው ነው። በሌላ ቀን በሩን ብታንኳኪ ሥራ ላይ ነኝ ይልሻል። እዚያው አስፈርሚ።»

«በተዝካሩ ላይ? ሰው ምን ይለኛል?»

«ምን ይልሻል? አላለቀሰችም ብሎሽ የለ እንዴ፣ ከዚህ ወዲያ ምን ይቀረዋል?»

እውነቷን ነው። ሲቲና የወሎ ሰው ናት፣ ነገር አታሽሞነሙንም።

ቄሱ ግን «አዳራሹ ውስጥ አይሆንም፣ የጸሎት ቦታ ነው፤ ከፈለጋችሁ ፓርኪንጉ ላይ» አሉ። የሱን ታጣፊ ጠረጴዛ ከመውጫው አጠገብ፣ ሰው መኪናውን ፓርክ ያደረገበት ጋ ዘረጋሁት። ሰው በልቶ፣ ጠጥቶ፣ ነፍስ ይማር ብሎ ሲወጣ እኔ ጋ ይመጣል። ጥቁር ልብሴን ለብሼ፣ ነጠላዬን ዘቅዝቄ፣ እንደ ገበያ ሰው እጮሃለሁ።

«ለራሳችሁ ብቻ! ለባል አይፈረምም፣ ለሚስት አይፈረምም፣ ለልጅ አይፈረምም! እያንዳንዱ በራሱ እጅ!»

ማን ሰምቶኝ! የሠፈራችን አዛውንት ጋሽ ዓለምሰገድ ከዘራቸውን ጠረጴዛው ላይ ሰቅለው ተቀመጡና መጻፍ ጀመሩ። የራሳቸውን ጻፉ። የባለቤታቸውን ጻፉ። ላስ ቬጋስ የሄደችውን ልጃቸውን ጻፉ። ገና መንጃ ፈቃድ ያላወጣውን የመጨረሻ ልጃቸውንም ሊደግሙ ሲሉ እጃቸውን ያዝኩ።

«ጋሼ፣ ለራስዎ ብቻ ነው እኮ!»

«አንቺ ልጅ፣ የቤቱ አባወራ እኔ አይደለሁም እንዴ?»

«ነዎት፣ ግን እነሱ ራሳቸው መምጣት አለባቸው።»

«ምን ሊሠሩ? እኔ መጥቼ!»

ተቆጥተው ከዘራቸውን ይዘው ሄዱ። ሲቲና ተከተለች። የራሷን ቆንጆ አድርጋ ጻፈች፣ ከዚያ ቀጣዩ መስመር ላይ «አብዱልባሲጥ» ብላ ጀመረች። ባሏ ዌስትቼስተር ያለ ሆቴል ሸትል፣ የእንግዳ ማመላለሻ፣ ይነዳል፣ ያን ሰዓት ሥራ ላይ ነው።

«ሲቲና!»

«እንዴ! ባሌ እኮ ነው! በፎርፌ አገባሁት እንዴ?»

«እዚህ ወረቀት ላይ ባል የለም» አልኳት።

ሰው ሳቀ። ከዚያ ማን እንደተናገረው አየና ሳቁን ዋጠው። አንዷ አንገቷን አቀረቀረች። እኔ እንኳን ምንም አልመሰለኝም፣ መስመሩን በማስመሪያ ሰረዝኩና «ቀጣይ!» አልኩ።

መሀል ላይ ሲቲና «አንቺስ ፈርመሻል?» ስትለኝ ነው እኔም አለመፈረሜ የታወሰኝ። ሞት ይርሳኝ። ጎንበስ ብዬ መጻፍ ስጀምር ከአዳራሹ «ወይዘሮ ሰርክ፣ ቄሱ ይፈልጉዎታል፣ የመዝጊያው ጸሎት ደርሷል» ተባልኩ። አንዱ «እግዚአብሔር ያጥናሽ» እያለ ትከሻዬን ይዟል፣ ሌላዋ እየሳመችኝ ነው፣ እኔ እየጻፍኩ ነው። ጨርሼ ወረቀቱን ለሲቲና ትቼላት ገባሁ። ስመለስ ወረቀቱ ሞልቷል።

«አየሽ፣ ሰው ወዶታል» አለችኝ ሲቲና።

«አንቺ እያየሽ ነው የፈረሙት?»

«ቡና እየቀዳሁ ነበርኩ፤ ግን ፈርመዋል እኮ!»

ሐሙስ ከሰዓት ኤልሻዳይ ከሥራ በቀጥታ ወደ ሱቄ መጣች። የላይብረሪውን መታወቂያ አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች ነው።

«እማ፣ አሁንም አልፈርምም» አለችኝ ገና በር ላይ። «ይሄን እንድታውቂው ነው።»

«ማን ፈርሚ አለሽ?»

«ቼክ አደርግልሻለሁ ግን። አባ አንብቢው ብሎኛል።»

ወንበሩ ላይ ተቀመጠች፣ የሱ ወንበር ላይ። ፍሬው ቀድሞ ነግሮናል፤ የሚቆጥሩት ሰዎች ከመሀል የተወሰነ መዝዘው ነው የሚያዩት፤ ከመዘዙት ውስጥ የተበላሸ ካገኙ ለሌላውም ይተርፋል። ሶ፣ እኔ ዓይኔ እያየ ያልተፈረመው ሁሉ፣ በአንድ እጅ የተጻፈው ሁሉ፣ መውጣት አለበት። ኤልሻዳይ ዓይኗ እንደ አባቷ ምላስ ነው፣ አያልፍም። «ይሄና ይሄ አንድ ሰው ነው። ይሄን 'ት' ተመልከቺ። ይሄ አድራሻ ከዚህ ጋር አንድ ነው፣ እጁም አንድ ነው» ትለኛለች፣ እኔ በማስመሪያ እሰርዛለሁ። የተሳሳተ ስፌት መተርተር ለምጃለሁ፣ ይሄም ያው ነው። ባል ለሚስት፣ ሚስት ለባል፣ እህት ለእህት። አንዱ ለሟች አማቱ ሁሉ ፈርሞላቸዋል፣ ሴትየዋ ዓመት ሞልቷቸዋል እኮ! ወይ የኛ ሰው!

ግማሹ ሲሰረዝ ኤልሻዳይ ስልኩን አነሳችና ለተሰረዙት ሰዎች እየደወለች ጠራቻቸው። «እባክዎ ራስዎ ይምጡ፣ እናቴ ሱቅ።» አፍዋ ቅቤ ነው ስትፈልግ። እኔ «እንዴ?» ብዬ አየኋት።

«ምን ታያለሽ?» አለችኝ። «ሕጉን አልወደውም። ግን ከወጣም በሚገባ ይውጣ። አባ ሰው ይጠየቅ አይደል ሲል የነበረው?»

እና መጡ። ጋሽ ዓለምሰገድ ባለቤታቸውን ክንዷን ይዘው፣ ኩርፊያቸው ሳይለቃቸው፣ እየነጫነጩ መጡ። ባለቤታቸው በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ወረቀት ላይ ለራሷ ፈረመች፣ ጨርሳ ደግሞ «በቃ? ይሄን ለማድረግ ነው አንተ ያልፈቀድክልኝ?» ስትላቸው ሱቁ ሙሉ ሳቀ። አብዱልባሲጥ የሆቴሉን ዩኒፎርም እንደለበሰ መኪናውን ሁለተኛ ረድፍ ላይ አቁሞ እየሮጠ ገባ። «ቶሎ በይ ሰርክ፣ የቅጣት ትኬት ይሰጡኛል!» ፈረመና ወጣ። ሲቲና በሩ ላይ ቆማ «አሁን ደስ አለሽ?» አለችኝ። አዎ አልኳት። ደስ አላለኝም ነበር፣ ግን ወረቀቱ ሞልቷል።

ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ ኤልሻዳይ የመጨረሻውን ወረቀት ወደ መብራቱ አስጠጋች። ሱሪ እያጠፍኩ ነበር።

«እማ» አለችኝ። «ይሄኛውስ?»

መነጽሬን አደረግኩ። የኔ ስም አለ። የኔ አድራሻ አለ፣ የኔ ፊርማ አለ። ከሥሩ ወንድይፍራው ይላል። ያው አድራሻ። ቀኑ የአርባው ቀን። ፊርማው ጭራው ወደ ላይ ብድግ ብሏል፣ አሳምሬ ነው የፈረምኩት።

«አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ።»

«መቼ ጻፍሽው?»

«አላውቅም» አልኳት። እግዜር ምስክሬ ነው፣ አላውቅም። ያንን ሁሉ ሰው ለባል አይፈረምም እያልኩ ስጮህበት፣ ሲቲናን ሰው ፊት ሳሳፍራት፣ እጄ ለካ የራሱን ሥራ ይሠራል። ሁልጊዜ ሁለት መስመር ነው የሚጽፈው፣ ሁለት መስመር ጻፈ።

ኤልሻዳይ ወረቀቱን አስቀመጠች፣ መልሳ አነሳችው። ያቺ ለአባቷ እንኳን ያልተመለሰች ልጅ፣ ሰው በሚገባ ይጠየቅ ስትል የዋለች ልጅ፣ ድምፅዋ ተለውጦ «ልተወው ካልሽ እተወዋለሁ» አለችኝ። «አንዲት መስመር ናት፣ እማ። ላይመዝዟትም ይችላሉ።»

«ማስመሪያውን አቀብዪኝ።»

«እማ…»

«ለባል አይፈረምም። አቀብዪኝ።»

ሰረዝኩት። ከዳር እስከ ዳር፣ ቀጥ አድርጌ። አሁን ይመጣል ብዬ ጠበቅኩ፣ እንባው። አልመጣም። ኤልሻዳይ ፊቷን በእጆቿ ሸፍናለች፣ እኔ ማስመሪያውን መሳቢያ ከተትኩና የግርጌውን ክፍል በየወረቀቱ እየሞላሁ ፈረምኩ። ያየሁትን ብቻ አየሁ ብዬ። ከዚያ ሱሪውን አጥፌ ጨረስኩ። ራሴንም አስፈራኝ፣ ምን ዓይነት ሰው ነኝ አልኩ።

ዓርብ ወረቀቱን የሚረከቡት ጋርዴና የሚባል ቦታ ነው። ኤልሻዳይ ከሥራዋ ፈቃድ ወስዳ ራሷ ድራይቭ አደረገችኝ፤ ፍሬው እንደ ልማዱ ሥራ በዝቶበታል። ቦታው የአንዱ ባለሱቅ የሴራሚክ መጋዘን ነው፤ ወለሉ አቧራ፣ ከጓሮ ሴራሚክ የሚቆርጥ ማሽን ይጮሃል። ከየሰፈሩ የመጣ ሰው ካርቶኑን ይዞ ተሰልፏል። ጠረጴዛው ጋ የተቀመጠችው በዕድሜ የገፋች ኮሪያዊት ናት፣ ላውንደሪ አላት አሉ። ወንድይፍራውን ከስብሰባ ታውቀዋለች። «ሚስተር ዋንዲ» ብላ ራሷን ነቀነቀች፣ ሌላ ነገር አልጨመረችም። ወረቀቶቹን አንድ በአንድ አየች። ግርጌውን አየች። የተሰረዘችው መስመር ላይ ስትደርስ ጣቷ ቆመ፣ ስሙን አነበበች፣ ቀኑን አነበበች፣ እኔን አየችኝ፣ አለፈች።

«ፌርፋክስ ሞልቷል» አለች በእንግሊዝኛ። ከኋላችን የተሰለፉት አጨበጨቡ። ኤልሻዳይ ሳታስበው አብራ አጨበጨበች፣ ከዚያ ትዝ ሲላት እጇን ኪሷ ከተተች። እኔ አየኋት፣ ፈገግ ልል ነበር።

ሴትየዋ የርክክብ ወረቀት ገፋችልኝ። ከታች ሁለት መስመር አለ። መጀመሪያው ላይ ስሜን ጻፍኩ፣ ፈረምኩ። እስክሪብቶው ወደ ሁለተኛው ወረደ። ይሄኛውን አየሁት፣ እጄ ሲወርድ ዓይኔ እያየው ነው። የስሙን መጀመሪያ ፊደል ጀመርኩና ቆምኩ።

ኮሪያዊቷ እጇን እጄ ላይ አደረገች። የሳሙና ሽታ ያለው፣ ውኃ የበላው እጅ ነው።

«ዋን ኢዝ ኢናፍ፣ ማም» አለችኝ ቀስ ብላ። አንድ ይበቃል።

«አይበቃም» አልኳት በአማርኛ። «አይበቃም እኮ!»

ከዚያ ጮህኩ። ወንዴ! ብዬ ነው የጮህኩት፣ ለቅሶ ቤት መጮህ የነበረብኝን ጩኸት። ከጓሮ ማሽኑ ቆመ። እዚያ አቧራ ላይ ተቀመጥኩና አገሩን ሁሉ ረስቼ አለቀስኩ፣ ደረቴን እየመታሁ፣ ነጠላዬ ወድቆ። ኤልሻዳይ አጠገቤ ተቀመጠች፣ እሷም ታለቅሳለች። የተሰለፉት ሰዎች ካርቶናቸውን እንደያዙ ጸጥ ብለው ቆሙ፣ ማንም ተነሺ አላለኝም። ሴትየዋም ወረቀቱን እንደዚያው፣ የጀመርኳት አንዲት ፊደል እንዳለችበት፣ ማህተሟን መታ ተቀበለችኝ።